ዋጋ በነጻ የሚከታተለው ሰው

ይህ የደረሰብኝ በደርግ ዘመን፣ ስኳርና ሳሙና በቀበሌ ካርድ በሚታደልበት ጊዜ ነው። ያኔ አንኮበር አስተማሪ ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ የተማሪዎቼን ስም ሳይቀር። ይህን ግን አልረሳሁትም። አንድ ሰው ላይ የፈረምኩት ወረቀት አለ፤ በሱ የተነሳ እስከ ዛሬ ራሴን እጠይቃለሁ።

ሰሞኑን ደግሞ አዲስ አበባ የምትኖረው የወንድሜ ልጅ ቀሰቀሰችብኝ። ኮምፒውተሯን ከፍታ "አክስቴ፣ እስቲ እይልኝ" አለችኝ። ልትገዛቸው የምትፈልጋቸውን ዕቃዎች አንድ ላይ ዘርዝሮ የሚይዝላት፣ በየሱቁ ያለውን ዋጋ እየተከታተለ ሲቀንስ የሚነግራት፣ ኢንተርኔት በምታይበት ብሮውዘሯ ላይ የሚጫን ነገር ልትመርጥ ነው። ሦስት አራቱን ደርድራ ታወዳድራለች።

"ይሄኛው ይሻላል፤ በነጻ ነው" አለች።

"በነጻ ከሆነ ምን ፈልጎ ነው?" አልኳት ሳላስበው።

እሷ ሳቀች። እኔ ግን ንጋቱ ትዝ አለኝ።

ያኔ እህቴ ሙሉ ከእኔ ጋር ነበር የምትኖረው። በልጅነቷ በያዛት በሽታ አንድ እግሯ ሰልሏል፤ የምትሄደው በምርኩዝ ነው። ልብስ ስፌት ግን ከጎረቤታችን ዘንድ ተምራ እጇ በደንብ ተፍታቶ ነበር። ያቺ ጎረቤታችን የስፌት መኪናዋን ይዛ ወደ ባሏ አገር ስትሄድ ሙሉ ባዶ እጇን ቀረች።

በዚያው ዓመት ከተማችን ውስጥ የልብስ ሰፊዎች ማኅበር ሊቋቋም ነው ተባለ። የተማሪዎችን ዩኒፎርም የሚሰፋው እሱ ነው። ማኅበሩ የሚቀበለው ግን የራሱን የስፌት መኪና ይዞ የመጣን ብቻ ነው፤ ምዝገባውም ከፋሲካ በፊት ይዘጋል። ሙሉ ይህን ከሰማች ጀምሮ አንድም ቀን ግዢልኝ አላለችኝም። ዝም ብላ አሮጌ ልብሶቼን እየተረተረች እንደገና በመርፌ ትሰፋቸው ጀመር። ከልመና ይልቅ ዝምታዋ ይከብደኝ ነበር።

በየወሩ ደሞዜን ለመቀበል ደብረ ብርሃን እሄዳለሁ። ያጠራቀምኳት ጥቂት ብር ነበረችኝ። ችግሩ የስፌት መኪና ዋጋ በየሱቁ ይለያያል። ዛሬ አንዱ ጋ ያየሁት በሳምንቱ ይጠፋል፤ ሌላው ጋ ደግሞ ከጓሮ ወጥቶ በእጥፍ ይሸጣል። ስለዚህ አንድ የተማሪ ደብተር ይዤ ሽፋኑ ላይ "የሚፈለጉ" ብዬ ጻፍኩ። መኪና፣ ክር፣ መቀስ፣ የከሰል ካውያ ዘረዘርኩ። ከጎናቸው የየሱቁን ዋጋ ልሞላ ተነሳሁ።

የመጀመሪያው ሱቅ ባለቤት መነጽሩን ዝቅ አድርጎ ብዕሬን ሲመለከት ቆየ።

"ልጄ፣ ከየት ነው የመጣሽው?"

"ከአንኮበር።"

"እሱን አላልኩም። ከየትኛው መሥሪያ ቤት?"

"አስተማሪ ነኝ።"

"አስተማሪ ምን ቤት ነው ብሎ ነው የእኔን ዋጋ የሚጽፈው?" አለና መኪናውን በጆንያ ሸፈነው። "ይሄ አይሸጥም። የዘመድ ዕቃ ነው።"

ሁለተኛው ሱቅ ስደርስ ወሬው ቀድሞኛል። ባለሱቁ በሩ ላይ ቆሞ "ሁሉም በመንግሥት ዋጋ ነው፣ እህቴ! ሁሉም በመንግሥት ዋጋ!" ይለኛል፤ ከኋላው ያለው መደርደሪያ ግን ባዶ ነው። ሦስተኛው ጭራሽ በሩን ዘጋ። "የዋጋ ተቆጣጣሪ ሴት መጥታለች" ተብሏል።

መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ወደ መናኸሪያው ስመለስ ግን ሁለት ሰዎች ደብተሬን እያዩ ሲንሾካሾኩ አየሁና ሳቄ ጠፋ። በዚያ ዘመን የዕቃ ዋጋ እየዞረ የሚጽፍ ሰው ወይ የመንግሥት ነው፣ ወይ አሻጥረኛ ነው። ለእህቷ መኪና የምትፈልግ አስተማሪ ናት ብሎ የሚያስብ አልነበረም። ደብተሩን ቤት ወስጄ ምድጃ ውስጥ ከተትኩት።

ከዚያ ሌላ መንገድ ሞከርኩ። ከአንኮበር ቁልቁል አልዩ አምባ ላይ ጨርቅ የሚነግድ ጋሽ ሰይድ የሚባል ሰው ነበር። ቆላውንም ደጋውንም ስለሚያዳርስ ያልረገጠው ገበያ የለም። አንኮበር ሲወጣ ጠብቄ የምፈልገውን ነገርኩት።

"እኔ እከታተልልሻለሁ፣ መምህርት" አለኝ። "ወላሂ፣ ከእኔ የሚያመልጥ ዋጋ የለም።"

በሳምንቱ መጣና "የደብረ ብርሃኑ ጨምሯል፤ የአጎቴ ልጅ ጋ ያለው ይሻልሻል" አለኝ። በሌላው ሳምንት "የጫጫው ተበላሽቷል አሉ፤ የአጎቴ ልጅ ጋ ያለው ደህና ነው" አለ። በሦስተኛውም ሳምንት ያው የአጎቱ ልጅ ነው። የአጎቱ ልጅ ዋጋ ደግሞ ከሁሉም ይበልጥ ነበር። ይህን ስለው ሳቀ እንጂ አልካደም። "ታዲያ ለባዕድ ላሻሽጥ?" አለ።

ሦስተኛውን መንገድ የጠቆመኝ ወደ ደብረ ብርሃን የምንሄድባት ላንድሮቨር ሾፌር ነው።

"መናኸሪያው አጠገብ ማመልከቻ የሚጽፈውን ንጋቱን አታውቂውም?" አለኝ። "ከጫጫ እስከ ሰላ ድንጋይ የማያውቀው ዋጋ የለም። የምትፈልጊውን ንገሪው፤ መዝግቦ ይይዝልሻል። ሲረክስ ይልክብሻል።"

"ስንት ያስከፍላል?"

"ኧረ ምንም።"

ይህን ለጋሽ ሰይድ ሳጫውተው የያዘውን ጣቃ ጨርቅ አስቀመጠ። "መምህርት፣ እኔ ምን እንደምፈልግ ታውቂያለሽ። ትርፌን ነው። ያ ሰውዬ ምን እንደሚፈልግ ታውቂያለሽ? በዚህ ጊዜ ስምሽን በነጻ የሚጽፍ ሰው..." አለና ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ በጣቱ ጆሮውን ነካ አደረገ። ጆሮ ጠቢ ማለቱ ነበር።

ነገሩ ሆዴ ውስጥ ቀረ። ግን ቀኑ እየሄደ ነው፤ ሙሉም ያው ዝም እንዳለች ናት። በወሩ መጨረሻ ሄድኩ።

ንጋቱ አርባ አምስት የሚሆነው፣ ቀጭን፣ ኮቱ ክርኑ ላይ የተጣፈ ሰው ነው። ከቆርቆሮ ጥላ ሥር አንዲት ጠረጴዛና ሁለት በርጩማ አሉት። ከማመልከቻ ወረቀቶቹ ጎን ጀርባው በጨርቅ የተለበጠ ትልቅ መዝገብ ተቀምጧል። ሾፌሩም ነጋዴውም ሲያልፍ ቆም ብሎ "ጋሽ ንጋቱ፣ ሰላ ድንጋይ ላምባ ጠፍቷል"፣ "ጫጫ ምስማር ገብቷል" ይለዋል። እሱ ቀና ሳይል ይጽፋል።

"በእጅ የሚዞር ነው በእግር የሚሠራ?" አለኝ።

"በእጅ።"

"ለምን በእጅ?"

ለእህቴ እንደሆነና እግሯ እንደማይረግጥ ነገርኩት።

"የትኛው እግሯ?"

ደነገጥኩ። ዋጋ ለሚከታተል ሰው የትኛው እግሯ ቢሆን ምን ያደርግለታል? "ግራው" አልኩ። ጻፈው። ስሟን ጠየቀኝ፤ ጻፈው። የት እንደማስተምር፣ በየስንት ጊዜው እንደምመጣ፣ ከስንት ብር በላይ እንደማልችል ጠየቀኝ። የመጨረሻውን ዋሸሁት፤ ካለኝ ብዙ አሳንሼ ነገርኩት። ቀና ብሎ ትንሽ አየኝና ያልኩትን ጻፈ። መዋሸቴን ያወቀ መሰለኝ።

"ምን ልክፈል?"

"ምንም።"

"ታዲያ አንተ ምን ትጠቀማለህ?"

"እኔማ ዋጋ ማወቅ ደስ ይለኛል" አለና ፈገግ አለ።

ያ ፈገግታ አልተዋጠልኝም። ይባስ ብሎ ገጹን ሲገልጥ የሌሎች ሰዎች ስም ታየኝ። አንድ የትምህርት ቤታችን ባልደረባ "ራዲዮ፣ አጭር ሞገድ የሚይዝ" ብሎ አስመዝግቧል። አንድ ቄስ የማሾ መብራት ይፈልጋሉ። አንዲት የማላውቃት ሴት ደግሞ "ሻንጣ፣ ትልቅ፣ ቁልፍ ያለው" ትላለች።

ላንድሮቨሯ ውስጥ ተጨናንቀን ወደ አንኮበር ስንመለስ በመንገዱ ሁሉ ያንን መዝገብ ሳስብ ነበር። አጭር ሞገድ ራዲዮ የሚፈልግ ሰው የውጭ ጣቢያ ሊሰማ ነው ይባላል። ትልቅ ሻንጣ የምትፈልግ ሴት ከአገር ልትጠፋ ነው ትባላለች። መዝገቡን የያዘ ሰው የአውራጃውን ሰው ምኞት ይዟል። ማን ምን እንደጎደለው፣ ማን ብር እንደደበቀ፣ ማን መቼ ከቤቱ እንደሚወጣ ያውቃል። እኔም አሁን እዚያ ውስጥ አለሁ፤ ከነእህቴ እግር።

በሚቀጥለው ወር ስሄድ "ጫጫ አንድ አለ" አለኝ። "በእግር የሚሠራ ነው። ዋጋው ግን ገና ነው፤ ታገሺ።"

"በእግር አልፈልግም ብዬሃለሁ።"

"ለሱ አንድ እግር ይበቃዋል" አለና ወደ ሌላ ባለጉዳይ ዞረ።

በሦስተኛውም ወር መልሱ "ታገሺ" ነው። ጥርጣሬዬ ጨመረ። ሰው በነጻ ሲያገለግል ለምን ያስታግሣል? ወይ የሚሸጠው የራሱን ነው፣ ወይ ስለ እኔ እስኪያጣራ ነው። ከዚያ በኋላ ደብረ ብርሃን በሄድኩ ቁጥር ራቅ ብዬ እየቆምኩ አየው ጀመር። አንድ ቀን ካኪ ኮት የለበሰ ሰው ሲመጣ መዝገቡን ጥርቅም አድርጎ ዘጋ። በሌላ ጊዜ ደግሞ ከዚያው ካኪ ለባሽ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጦ ሻይ ሲጠጣ አገኘሁት። መዝጋቱም አስጠረጠረኝ፤ ሻዩም አስጠረጠረኝ። ያኔ የማያስጠረጥረኝ ነገር አልነበረም።

ለፋሲካ ሦስት ሳምንት ሲቀር፣ ከትምህርት ቤት ስወጣ የቀበሌያችን ሊቀመንበር መንገድ ላይ አስቆመኝ።

"መምህርት አስካለ፣ የስፌት መኪና ስታፈላልጊ ነበር አሉ?" አለኝ እየሳቀ።

እኔ ለሱ አልነገርኩትም። ልቤ ዘሎ ወደ ንጋቱ ሄደ። በቃ፣ ጆሮ ጠቢ ነው አልኩ።

"ነገ ጠዋት ቢሮ ብቅ በይ። የሚያነጋግርሽ ሰው አለ" ብሎኝ አለፈ።

በማግስቱ ቢሮው ስገባ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጦ የጠበቀኝ ያው ካኪ ለባሽ ነው። ከንጋቱ ጋር ሻይ ሲጠጣ ያየሁት ራሱ። ትሑት ሰው ነው። ብድግ ብሎ ወንበር ሳበልኝ።

"ጓድ መምህርት፣ ንጋቱ የሚባለው ማመልከቻ ጸሐፊ መዝገቡ ላይ ምንድን ነው የሚጽፈው?"

ያኔ በአእምሮዬ የዞረውን በደንብ አስታውሳለሁ። ንጋቱ የእነሱ ሰው ነው፤ ስለዚህ ይህ ሰው መልሱን ያውቀዋል። የሚፈትነው እኔን ነው። ከደበቅኩ ተያዝኩ።

"ሰዎች የሚፈልጉትን ዕቃና ዋጋውን ነው" አልኩ።

"ገንዘብ ይቀበላል?"

"አይቀበልም።"

"ታዲያ ይህን ሁሉ የሚለፋው ለምን ይመስልሻል?"

"አላውቅም።"

"ጥሩ። ያልሽውን እንደዚያው ጻፊልን" ብሎ ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጠኝ።

ጻፍኩ። አራት መስመር ነው። የመጨረሻው "ለምን እንደሚያደርገው አላውቅም" የሚል ነበር። ሰውየው አንብቦ ሲጨርስ ያቺን መስመር ብቻ በቀይ አሰመረባት። ከዚያ አስፈረመኝ። የባልደረባዬን ራዲዮ አላነሳሁም፤ የሴትየዋንም ሻንጣ እንደዚሁ። ጀግንነት ሆኖ አይደለም። ስላልጠየቀኝ ነው።

ስወጣ ተገላገልኩ አልኩ። ለእነሱው የእነሱኑ ሰው ነገር ነገርኳቸው፤ ማንንም አልጎዳሁም ብዬ ክፍሌ ገብቼ አስተማርኩ።

የወሩን ደሞዝ ልቀበል ስሄድ ከቆርቆሮው ጥላ ሥር ጠረጴዛው የለም። አንዱ በርጩማ ብቻ ተገልብጦ ወድቋል። አጠገቡ ሻይ የምትሸጥ ሴት ነበረች፤ የት ሄደ አልኳት።

"ወሰዱት። ሳምንት አለፈው።"

"እንዴ፣ የእነሱ ሰው አልነበረም?" አልኳት፤ ከአፌ አመለጠኝ።

ሴትየዋ የሻይ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ትክ ብላ አየችኝ። "የእነሱ? ያ ካኪ ለባሽ እኮ እዚህ እየተጎለተ መዝገቡን ስጠኝ ሲለው ነው የከረመው። አንዴ ሻይ እየጋበዘ ይለማመጠዋል፣ አንዴ ያስፈራራዋል። ንጋቱ 'የሰው ምስጢር አለበት' ብሎ እምቢ አለው። በኋላ ሰዎች እየጠሩ ቃል ተቀበሉበትና መጥተው ወሰዱት።"

ቃል ተቀበሉበት። ያንን የወደቀ በርጩማ አቅንቼ ተቀመጥኩበት።

"መዝገቡስ?" አልኳት።

"ወስደውታል። ግን ዋጋ ብቻ ነው ያለበት" አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "የሰው ስም ያለበትን ገጽ ሁሉ አንድ ቀን ቀደም ብሎ እየገነጠለ ሰጠኝ። በእጄ ከዚህ ምድጃ ውስጥ የከተትኩት እኔ ነኝ።"

ወራቱን ሁሉ ያብሰለሰለኝን ነገር ጠየቅኳት። ይህን ሁሉ በነጻ ለምን ይሠራ ነበር?

ጥያቄው አስገረማት። "ዋጋ ሊጠይቅ የመጣ ሰው እዚያው ማመልከቻ ያስጽፋላ! እኔስ ብሆን ሻይ ጠጪ የማገኘው በሱ አይደል?"

ይኸው ነበር ነገሩ። ሌላ ምስጢር አልነበረውም። ስንት ወር ሙሉ እያየሁት፣ ዋጋ የጠየቀ ሁሉ ወረቀት አስጽፎ ሲከፍለው እያየሁት፣ አልታየኝም።

ላንድሮቨሯ ጋ ስደርስ ሾፌሩ "እሺ፣ መኪናውን አመጣሽው?" አለኝ።

"የምን መኪና?"

"እንዴ፣ መልእክቱ አልደረሰሽም? ንጋቱ ከመወሰዱ በፊት 'የጫጫው ዋጋ ወርዷል፣ ለመምህርቷ ቶሎ ሂጂ በላት' ብሎኝ ነበር። ትምህርት ቤት አጣሁሽና ለሊቀመንበሩ ነገርኩት፤ ያደርስላታል ብዬ።"

ሊቀመንበሩ የስፌት መኪናውን ነገር የሰማው ከዚህ ነበር። መልእክቱን ረስቶት ይሁን ሆን ብሎ ያስቀረው አላውቅም።

ሾፌሩ ጫጫ ያለችውን የመኪናውን ባለቤት ስም ነገረኝ፤ እማማ በላይነሽ። ለምዝገባው የቀረው ጥቂት ቀን ነው። ግን መሄዱን ፈራሁ። ንጋቱ ታስሯል፤ እሱ ወደላከኝ ቤት ስገባ የሚያየኝ ሰው ቢኖርስ? አውቶቡስ መሳፈሪያው ጋ ቆሜ አንዱን አሳለፍኩ። በሁለተኛው ተሳፈርኩ። ጫጫ ወርጄ ቤቱን ካገኘሁት በኋላም ገበያተኛ መስዬ ሁለት ጊዜ በበሩ አለፍኩ። በሦስተኛው አንዲት አሮጊት ወጥተው "የአንኮበሯ አስተማሪ ነሽ? ምነው ትዞሪያለሽ? ግቢ እንጂ" አሉኝ።

ባላቸው ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ ሞተዋል። መኪናው ጥግ ላይ ነጠላ ለብሶ ተቀምጧል። እማማ በላይነሽ ከሙዳይ ውስጥ አንድ ደብዳቤ አወጡልኝ። ማንበብ አይችሉም፤ ያስነበቡት ለሰፈሩ ዲያቆን ነው። የንጋቱን የእጅ ጽሑፍ አወቅሁት። "የልጅቷ ቀኝ እግር ጤነኛ ነው፤ መኪናው በአንድ እግር ይሠራል። እስከ ፋሲካ ያቆዩላት። እህቷ ከዚህ በላይ አትችልም" ይላል። ከሥሩ የብሩ ልክ አለ።

እኔ የዋሸሁት ብር ነው። ሳንቲም ያልጨመረ፣ ሳንቲም ያልጎደለ።

"መጀመሪያ ያልኩት ብዙ ነበር" አሉ እማማ በላይነሽ። "እሱ ግን በየወሩ ሰው እየላከ ሲከራከረኝ ከረመ። የቤቴን ጉዳይ ማመልከቻ በነጻ ልጻፍልዎ፣ እርስዎ ደግሞ ለልጅቷ ይቀንሱላት አለኝ። ሌላ ሰው ጨምሬ ልውሰደው ብሎኝ ነበር፤ ከቃሌ አልወጣም ብዬ መለስኩት።"

ለካ ያ ሁሉ "ታገሺ" ዋጋውን እኔ ወደ ዋሸሁት ብር ለማውረድ ነበር። ትርፉ ብር ቦርሳዬ ውስጥ አለ፤ እውነቱን ነግሬው ቢሆን ኖሮ ከሁለት ወር በፊት ይጠናቀቅ ነበር።

እንዲህም ሆኖ መጠርጠሬን አልተውኩም። ጎንበስ ብዬ ከሥሩ አየሁ። ጎማውን አዞርኩት፣ መሳቢያውን ከፈትኩት፣ ቀበቶውን ጎተትኩት።

"እማማ፣ ምን ጎድሎት ነው?" አልኳቸው።

"ምንም አልጎደለውም" አሉ። "የጎደለው ባሌ ነው።"

አፈርኩ። ያለኝን ብር ሁሉ አውጥቼ ልሰጣቸው ብል የተነጋገሩበትን ብቻ ቆጥረው ተቀበሉና ሌላውን መለሱልኝ። መኪናውን ከአውቶቡሱ ጣሪያ ላይ አሳስሬ ወሰድኩት።

ሙሉ መኪናው ፊት በርጩማ ስባ ተቀመጠች። ቀኝ እግሯን ከመርገጫው ላይ አደረገች፤ ጎማውን በእጇ ገፋ ስታደርገው መርፌው ወረደ። ወዲያው አልሰፋችም። እግሯን እያስለመደች በባዶው ብዙ ጊዜ አስኬደችው። ከዚያ ቀና ብላ "ይሄኮ ከእጁ ይሻላል፤ ሁለቱም እጄ ነጻ ነው" አለችኝ። ምዝገባው ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው ማኅበሩ ውስጥ ገባች። በዚያች መኪና ራሷን ችላ ኖረች፤ አግብታ ልጆችም አሳድጋባታለች።

ማን እንደፈለገልን ስትጠይቀኝ ነገርኳት። የፈረምኩትን ግን አልነገርኳትም።

ንጋቱ የተፈታው ክረምቱ ሲወጣ ነው። በመስከረም ደብረ ብርሃን ስሄድ ቆርቆሮው ሥር ተቀምጦ አየሁት። ከስቷል፣ ፀጉሩ ነጭ ገብቶበታል። ጠረጴዛ የለውም፤ ጉልበቱ ላይ ጣውላ አስቀምጦ ይጽፋል። መዝገብም የለም። ሾፌሮች በአጠገቡ ሲያልፉ ሰላምታ ብቻ ሰጥተው ይሄዳሉ፤ ማንም ስለ ላምባና ምስማር አይነግረውም።

ሁለት ጊዜ መንገዱን ተሻግሬ ሁለት ጊዜ ተመለስኩ። በመጨረሻ ሄጄ ፊቱ ቆምኩ።

"መምህርት" አለ። "መኪናው እንዴት ነው? መርገጫው ይንሿሿል ብለውኝ ነበር።"

"ደህና ነው። ጋሽ ንጋቱ..." አልኩና አንገቴን ደፋሁ። "እኔ ቃል ሰጥቼብሃለሁ። ፈርሜያለሁ።"

"አውቃለሁ" አለ። የሚጽፍበትን ወረቀት ወደ ጎን አደረገ። "የሁላችሁንም አንድ በአንድ አነበቡልኝ። የአንቺ አጭሩ ነበር።"

ከኋላዬ አንድ ገበሬ ማመልከቻ ሊያስጽፍ ተራ ይዞ ነበር። ንጋቱ "ና፣ አባቴ" ብሎ ጠራውና እኔ ዞር አልኩ። ያንን ያለኝ ሊያጽናናኝ ይሁን ሊወቅሰኝ፣ ፊቱ ላይ ልለየው አልቻልኩም። ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ሰላም ተባብለናል፣ ማመልከቻም አስጽፌዋለሁ፤ ነገሩን ግን ሁለታችንም ደግመን አላነሳነውም። አሁን በሕይወት የለም።

ዛሬ አርጅቻለሁ። ያንን ወረቀት ግን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። ስጽፈው ውሸት አልነበረበትም፤ በእርግጥም ለምን እንደሚያደርገው አላውቅም ነበር። አንዳንድ ቀን አራት መስመር ብቻ በመሆኑ እጽናናለሁ። ብዙውን ቀን ግን አፍራለሁ።